በእማዬ ጥለት የታሰረው ፊልም

ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አሶሳ ውስጥ በማስተምርበት ቤተ ሙከራ፣ በሁለት መስታወት መካከል ያስተኛሁትን የፊልም ቁራጭ ለማውጣት በላዩ የከመርኳቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ሳነሣ፣ ታፍኖ የሰነበተ የአቼቶ ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። ያረጀ ፊልም እንዲህ መሽተቱ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱንም ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስረዳለሁ። የዚያን ዕለት ግን ሽታው የመጣልኝ ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን፣ በልጅነቴ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኖ ከማውቀው፣ አጠገቡ ቆመን እርስ በርሳችን እየተገፋፋን “አንተ ግባ፣ አንቺ ግቢ” ከምንባባልበት ከጋሽ ባበክር ፎቶ ማጠቢያ ክፍል ደጃፍ ነበር።

ከጎኔ የቆመችው የጋሽ ባበክር ልጅ ዘይነብ ናት። ክንዶቿን አጣምራ እጆቼን ትጠብቃለች፤ እኔም በዓይኔ ጥግ እሷን እጠብቃለሁ። መስታወቱን ያለ እሷ እንዳልከፍት በራሷ እጅ ጠርዙ ላይ የለጠፈችውን ፕላስተር ጎንበስ ብላ መረመረችና፣ አለመነካቱን ካረጋገጠች በኋላ፣ “በይ ቀጥይ” አለችኝ። “እናንተ ቤት ሰው አይታመንም፤ እኛም ከእናንተ ተምረናል።”

ዘይነብ በጥቅምት ማብቂያ ወደ ቢሮዬ የመጣችው ዝገት የበላው የዱቄት ወተት ጣሳ በፌስታል ይዛ ነበር። አባቷ ካረፉ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቿ አሮጌውን ፎቶ ቤት የሞባይል መጠገኛና የኮፒ ሱቅ ሊያደርጉት ሲያጸዱ ጣሳው ከጣሪያ ሥር ወጣ። “ሊጥሉት ሲሉ፣ አንቺ አሮጌ ነገር ታስታምሚያለሽ ሲባል ሰምቼ አመጣሁት” አለች። አላመንኳትም። እኔና ዘይነብ በአንድ ከተማ አድገን፣ በአንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ ገበያ ስንገናኝ ከአንገት በላይ ሰላምታ ተለዋውጠን የምንተላለፍ ሰዎች ነን፤ እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ጣሳ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ከጣሳው በፊት የሚመረመረው ሰውየው ነው ብላ ያሳደገችኝ እናት አለችኝ። ክዳኑን ስከፍት ጥርጣሬዬ ባሰ። እንደ ደረቀ ቃሪያ ተኮማትረው ከተጠቀለሉት ፊልሞች ሁሉ በላይ፣ ልክ አሁን በእጅ የተቀመጠ ይመስል፣ በአረንጓዴ ክር የታሰረ አንድ ጥቅልል ነበር። ክሩን አወቅሁት። ከእማዬ ነጠላ ጥለት የተመዘዘ ነው።

ጋሽ ባበክር ቁርዓን ከሚነበብበት ፊደል በቀር ሌላ አያውቁም ነበር፤ ከደንበኞቻቸው አብዛኞቹም ማንበብ የሚባል ነገር አልደረሰባቸውም። ስለዚህ በከተማችን ፎቶ የተነሣ ቤተሰብ ሁሉ ከልብሱ አንድ ክር መዞ ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም የዚያን ቤተሰብ ፊልም ቆርጠው፣ ጠቅልለው፣ በዚያው ክር ያስሩታል። ከሆሞሻ የመጣች ሙሽራ ከምትጠቀለልበት ቶቧ ጫፍ፣ ከባምባሲ የመጣ ገበሬ ከጋቢው ቋጭ፣ የመንጌው ወርቅ አጣቢ ደግሞ ብናኙን ከሚቋጥርበት ጨርቅ ይመዝዛል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ፎቶ ማሳጠብ የፈለገ ሰው ያንኑ ልብስ ለብሶ ብቅ ማለት ይበቃዋል፤ ጋሽ ባበክር ጠርዙን በጣታቸው ዳስሰው እጃቸውን ወደ ጣሳው ይሰዱታል። ከወለጋ ተመድቦ የመጣ የሂሳብ መምህር የነበረው አባዬ “ከትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት ይሻላል” እያለ ይስቅ ነበር። እማዬ ግን ክሩን የሰጠችው እያንገራገረች ነው። የልብስ ክር በሰው እጅ አይቀመጥም ባይ ነበረች።

እማዬ ጥርጣሬ፣ እንደ ጨው፣ የማይገባበት ወጥ የሌለ የሚመስላት ሴት ነበረች። ነጋዴ ፊቷ የሰፈረላትን ስኳር ቤት ወስዳ በራሷ ስኒ እንደገና ትሰፍራለች፤ ወተቱን ከመግዛቷ በፊት በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ጠብ አድርጋ ውኃ መቀላቀሉን ታያለች፤ ራዲዮ ዜና ሲያሰማ እንኳ ቀና ብላ “ማን ቆሞ አየው?” ትላለች። ቤታችን ቆርቆሮ ክዳን፣ ዙሪያው የቀርከሃ አጥር ነበር፤ አጥሩ ነፋስ ሲመታው በሚያሰማው መንኳኳት ምክንያት ሰው መጣ እያልን ስንወጣና ስንገባ አድገናል። ጋሽ ባበክር ፎቶ ባነሡን ዓመት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ቶሌራ አምስት ዓመቱ ነበር። ቶሌራ ክዳን ያለው ነገር ሁሉ ጠላቱ ነው። የአባዬን ራዲዮ የባትሪ ቤት፣ የማንቂያ ሰዓቱን ጀርባ፣ የጎረቤት ዶሮ ቤት መዝጊያ ሳይከፍት አይውልም፤ ከእማዬ አርጩሜ ጋር የነበረው የቅርብ ትውውቅም ከዚሁ የመነጨ ነው።

የመስቀል ማግስት ጋሽ ባበክር ካሜራቸውን አንግበው፣ ዘይነብን በበዓል ቀሚሷ አስከትለው ግቢያችን ገቡ። አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እማዬ አረንጓዴ ጥለት ያለውን አዲሱን ነጠላ ለብሳ፣ እኔ ፀጉሬ እስኪያመኝ ተሠርቼ፣ ቶሌራም ከመካከል ሆኖ ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን። ብልጭ ሊል ሲል ግን ቶሌራ አንገቱን ወደ ዶሮዎቹ አዞረ። እማዬ ይህን አይታ ልጇ ለብቻው እንዲነሣ ጠየቀች። ጋሽ ባበክር ፊልሙ ሊያልቅ መሆኑን አጉረመረሙ፣ እማዬ ግን አልተበገረችም፤ ቶሌራም ሳጥን ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ አለበት። ከዚያ እጅ ታጠብን፣ ካሜራው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ትልልቆቹ ወደ ማዕዱ ዞሩ።

ያን ጊዜ በከተማችን “የልጅ ፎቶ” የሚባል ነገር ነበር። ፊልም ውድ ነው፤ በየሠርጉና በየበዓሉ “እኔንም፣ እኔንም” እያለ የሚንጫጫውን ልጅ ዝም ለማሰኘት ፎቶ አንሺዎች መብራቱን ብቻ ያበሩና ያሰናብቱታል። ልጁ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ፎቶ ግን የለም። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሁሉም ሰው በሌላው ልጅ ላይ ሲደረግ ይስቃል።

ጋሽ ባበክር በሳምንቱ የቤተሰቡን ፎቶ ብቻ ይዘው መጡ። የእኔ ቀኝ ትከሻና ጆሮ ጉም እንደ ወረደበት ኮረብታ በነጭ ተውጠዋል፤ የቶሌራ ራስ በነፋስ የተበተነ ጥጥ መስሏል። የሁለተኛው ፎቶ ነገር ሲነሣ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ እማዬን በእኔ ስም ጠርተው፣ “ፊልም ተቃጠለ፣ የሌንሳ እናት። ወላሂ ተቃጠለ” አሉ።

“የተቃጠለውን ያሳዩኝ” አለች እማዬ።

“ነጋቲቭ ከቤቴ አይወጣም።”

“የተቃጠለ ነገር ምን ይጠበቅለታል?”

ቶሌራ በዚያ ሰዓት ከእማዬ ኋላ ቀሚሷን ይዞ ቆሞ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ዘይነብም ከአባቷ ኋላ።

በተከታዩ ክረምት ወባ ቶሌራን ወሰደው። ያ ራሱን ያዞረበት ፎቶ ብቻ ቀረን፤ ፊት የሌለው ልጅ። ለቅሶ ከመጡት መካከል ጋሽ ባበክር ነበሩበት፤ ከድንኳኑ ጥግ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እማዬ አየቻቸውና በሕዝብ ፊት፣ “ልጄን በባዶ ካሜራ ያታለለው ይኸው!” አለች። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወዲያው ዘይነብን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዳቸው ማዶ ይሻገራሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ዘይነብ ስታልፍ ልጆች እጃቸውን አጨብጭበው “የልጅ ፎቶ!” ይሏታል፤ እሷም ድንጋይ አንሥታ ትመልስላቸዋለች፤ ዒላማዋም መጥፎ አልነበረም። ጋሽ ባበክር ሲያርፉ አባዬ ከሞተ ሰንብቷል፣ እኔ ለተጨማሪ ትምህርት ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ እማዬ ደግሞ ለቅሶ አልደረሰችም። በአንድ ሰፈር ለኖረ ሰው ከዚህ የከበደ ቃል አልተፈጠረም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከተማርኩት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ ቀላል ነገር ነው። በፊልም ላይ ብርሃን የነካው ይጠቁራል፣ ብርሃን ያልነካው እንደ መስኮት ጥርት ብሎ ይቀራል፤ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም አይጠቁርም። እንግዲህ በእማዬ ክር የታሰረው ፊልም የመጨረሻ ምስል ጥርት ያለ ከሆነ ጋሽ ባበክር ዋሽተዋል፤ ጥቁር ከሆነ ግን በእርግጥ ተቃጥሎ ነበር፣ እማዬም ያን ሁሉ ዘመን ሰውየውን በሐሰት ከስሳቸዋለች። ይህን ለዘይነብ ስነግራት “እንግዲያው ጥቁር እንዲወጣ ዱዓ ላድርግ” አለች። ጣሳውን ለምን እንዳመጣችው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህም ቢሆን እሷን እንዳምናት አላደረገኝም፤ ይልቁንም ጥንቃቄዬን አጠበቅሁ።

መጀመሪያ የፊልሙ ቁራጭ ራሱ የእኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ። እማዬ ቤት ሄጄ ከሳጥኗ ሥር አሮጌውን ነጠላ አወጣሁና ክሩን ከጥለቱ ጋር አስተያየሁ፤ ቀለሙም፣ አገማመዱም፣ የተመዘዘበት ቀጭን ክፍተትም ገጠመ። ዓይኗን ሞራ የጋረዳት እማዬ ድምፄን ተከትላ “ምን ትበረብሪያለሽ?” አለችኝ። ነገርኳት። መልሷን ሳትናገረውም አውቀው ነበር።

“የባበክር ልጅ ምን ፈልጋ ነው?”

“ማወቅ።”

“እንግዲያው ያየሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ትነግሪኛለሽ። የልጄን ፊት ለማየት ባልታደል፣ መታለሌን ልወቀው።”

የተጠቀለለ አሮጌ ፊልም በጉልበት አይዘረጋም። ዘመኑን ሁሉ ተጠቅልሎ ስለኖረ ቀጥ ማለትን እንደ ጥቃት ይቆጥረዋል፤ ቢያስገድዱት ይሰነጠቃል። ዘይነብ “ጨርቅ ደርበን በካውያ ብንተኩሰውስ?” ብላ ስትጠይቅ ያሳየኋትን ፊት አላውቅም፤ እሷ ግን “እሺ፣ እሺ፣ ሰው አልገደልኩም” አለችኝ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ከላዩ ወንፊት አጋደምኩ፣ ፊልሙንም ውኃ ሳይነካው በወንፊቱ ላይ አስቀመጥኩና እንፋሎቱን ቀስ እያለ እስኪጠጣ ተውኩት። ሲለዝብ፣ በጓንት ይዤ ጥቂት ዘረጋሁት፤ እንደገና አሳረፍኩት፤ እንደገና ዘረጋሁት። በመጨረሻም በማጣሪያ ወረቀት መካከል አድርጌ በሁለት መስታወት ጠፈርኩት። ከጥቅልሉ እምብርት የነበረው ጫፍ፣ የመጨረሻው ምስል ያለበት፣ እንደ ቀለበት ተጣብቆ ስለነበር በብርሃን ሳናየው ነው ወረቀት የሸፈነው። ዘይነብ ፕላስተሯን ያን ጊዜ ለጠፈች። ቁልፉን በኪሴ ይዤ ስወጣ፣ መስኮቱንም ተመልሼ ፈትሻለሁ።

እነሆ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስታወቱን አነሣሁ። ፊልሙ ተኝቷል፤ ጫፉ ብቻ፣ እንደ ነቃ ሕፃን፣ ትንሽ ቀና ብሎ ተመለሰ። ከሥሩ መብራት አበራሁ። የአባዬ ሙሉ ልብስ ነጭ፣ የእማዬ ነጠላ ጥቁር ሆነው ታዩ፤ በእኔ ትከሻ በኩል ጥቁረቱ እንደ ጎርፍ ገብቷል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው ምስል ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር።

ዘይነብ “አልሐምዱሊላህ” ያለችው ለራሷ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች።

እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ከጥቁረቱ ሥር የቶሌራ ፊት ሊኖር ይችላል ብዬ ኃይለኛ መብራት አምጥቼ በማጉያ መነጽር ወረድኩበት። ፊት የለም። ከጥግ በኩል ግን ሁለት የገረጡ ነጠብጣቦች አየሁ፣ ጎን ለጎን፤ ሳተኩር በውስጣቸው እንደ ታረሰ ማሳ የተጠማዘዙ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። የጣት አሻራ። ፊልሙ ገና ሳይታጠብ፣ ካሜራው ተከፍቶ፣ ቅባት በነካው እጅ የተዳሰሰበት ምልክት ነው። የትልቅ ሰው ጣት አይደለም። ጋሽ ባበክር ይህን በዚያ በአቼቶ በሚሸተው ጨለማ ክፍል ውስጥ አይተውታል፤ ካሜራውን የከፈተው ልጅ መሆኑን አውቀዋል፤ ለዚህም ነው ነጋቲቩን ያልሰጡን። የሚሸሽጉት ልጅ ነበራቸው።

የማን ልጅ?

ከጎረቤት ቢሮ የማኅተም ቀለም ተውሼ አስቀድሜ የራሴን ጣቶች ወረቀት ላይ አሳረፍኩ፤ አሻራ ከሕፃንነት እስከ እርጅና ይሰፋል እንጂ አይለወጥም። የእኔ አልነበረም። ቀና ስል ዘይነብ እያየችኝ ነው።

“ያንቺ ካልሆነ የእኔ ነው ልትይ ነው” አለች።

“አላልኩም።”

“ዓይንሽ ብሏል። ቁርጥ እናትሽ።” ቀለሙን ትኩር ብላ አየችው። “እኔም ነበርኩ፤ ካሜራውን መነካካት እወድ ነበር። እንደነካሁ አላስታውስም፣ እንዳልነካሁም አላስታውስም። እዚህ ግን አልሰጥሽም። ነገ እናትሽ ፊት አስነካለሁ። አባቴ በእኔ ምክንያት ከሆነ ያን ሁሉ የተሸከመው፣ እሷ ፊት ልወቀው።”

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን እማዬ ቤት ተቀመጥን። የመጨረሻውን ምስል አሳትሜ ይዤ ነበር፤ በወረቀት ላይ ጥቁሩ ነጭ ስለሚሆን፣ እማዬ ጉልበት ላይ ያኖርኩት አንድ ባዶ ነጭ ወረቀትና በጥጉ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ጣቶች ናቸው። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት፤ እንዳልታለለች፣ ፊልሙ በእርግጥ እንደተቃጠለ፣ የከፈተው ልጅ እንደሆነ፣ ልጁ ግን ከሁለት አንዱ መሆኑን፤ የቶሌራ አሻራ የትም ስለሌለ መለየት የሚቻለው በዘይነብ ጣት ብቻ መሆኑንም። ዘይነብ እጅጌዋን ሰብስባ አውራ ጣቷን ዘረጋች። እኔ የቀለሙን ክዳን ለማንሣት እጄን ሰደድኩ፤ እንደዚያች ሰዓት ማወቅ የፈለግሁበት ጊዜ አልነበረም።

እማዬ ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ አራቀችው፤ ከዚያ በመዳፏ ዳሰሰችው።

“ጣት ነው?”

“ጣት ነው፣ እማዬ።”

ደብዳቤም ሆነ ውል ሲመጣላት በአውራ ጣቷ ስትፈርም የኖረች ሴት ናት። ሁለቱን ነጥቦች ፈልጋ አገኘቻቸውና ጣቶቿን በላያቸው አሳረፈች፤ ቆየች። ከዚያ ሌላኛው እጇ ተነሥቶ በቀለሙ ክዳን ላይ፣ በእጄ ላይ፣ ወረደ።

“ተይው፤ አትክፈቺው” አለችኝ። “ክዳን ያለውን ነገር ሁሉ ማን ይከፍት እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ልጄ ፈርሞልኝ ሄዷል።”

“እማዬ፣ ግን እርግጠኛ...”

“አንቺ ደግሞ ከእኔ ባስሽ።”

የዘይነብ ጣት እንደተዘረጋ ቀርቶ ነበር። እማዬ በጭላንጭል ፈልጋ ያዘችውና በመዳፏ ጠቀለለችው። “አባትሽ ያን ቀን ድንኳን ውስጥ አፉን ሲከፍት አይቼዋለሁ። ዕድል ብሰጠው ይናገር ነበር” አለች። የሠላሳ፣ የአርባ ዓመት ማዶ ለማዶ መሻገር፣ ለጋሽ ባበክር በሕይወት ሳሉ ሊነገር የሚገባ ቃል ሳይነገር መቅረቱም፣ እንደ ፊልሙ በእንፋሎት ለዝቦ የሚቃና አይደለም። ሰውየው ያዩትን ይዘው ሄደዋል። የማን ጣት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መጠርጠሬንም አልተውኩም።

የዚያን ጠዋት የተወሰነው ግን ይህ ነው። ወረቀቱ ፊት የሌለው ልጅ ካለበት ፎቶ ጎን ይሰቀላል፤ ቀለሙ ሳይከፈት ወደ ተዋስኩበት ይመለሳል፤ እኛ ደግሞ አሁኑኑ፣ ሳይረፍድ፣ ጋሽ ባበክር ቤት ለቅሶ እንሄዳለን። ዘይነብ “እማማ፣ እኮ ስንት ዓመቱ ነው፣ ድንኳን የለ፣ ሰው የለ” ስትል፣ እማዬ “አንቺ አለሽ አይደል?” አለቻትና ወደ እኔ ዞራ ነጠላዋን አምጪ አለችኝ፤ አዲሱን ሳይሆን አሮጌውን። ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ አጣፋችው፤ ከቀርከሃው በር ስንወጣም፣ ክሩ የተመዘዘበት ቀጭን ክፍተት ከአንገቷ ሥር ለሚያይ ሁሉ በግልጽ ይታይ ነበር።